የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቆዳ ላይ የሚቀር ጥቁር ነጠብጣብ

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ስለ ጥቁር ነጠብጣብ የሚጠይቁትን ያህል የሚበዙ የሉም። አብዛኞቹ «ምን ልቀባበት?» በሚል ጥያቄ ይጀምራሉ። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከእርሱ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ጥቁረቱ ከምን መጣ የሚለው ነው። ብጉር፣ ፀሐይ፣ ሆርሞን፣ የሚዋጥ መድኃኒት፣ የተቀባነው ክሬም ራሱ፣ አንዳንዴም ሰውነት ውስጥ የተደበቀ ሌላ ሕመም ለዓይን የሚመሳሰል ጥቁረት ሊያመጡ ይችላሉ፤ ለአንዱ መፍትሔ የሆነው ግን ሌላውን ያባብሰዋል። ላኪዎቹ ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ ያለ ስም አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እኔ የ18 ዓመት ተማሪ ነኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ፊቴ ላይ ብጉር ይወጣል። ብጉሩ በሳምንት ውስጥ ቢከስምም ቦታው ላይ ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል፤ አሁን ጉንጬና አገጬ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኗል። ጓደኞቼ ሎሚ ቀቢበት ብለውኝ ብሞክር አቃጥሎኝ ጭራሽ ባሰብኝ። ሰው ፊት ለመቆም እሸማቀቃለሁ። ይህ ጠባሳ የሚጠፋ ነው ወይስ ዕድሜ ልኬን አብሮኝ ይኖራል?

መልስ፦ ልጄ፣ በቅድሚያ የሚያሳርፍሽን ልንገርሽ፤ እንደገለጽሽልኝ ከሆነ ፊትሽ ላይ ያለው ጠባሳ አይመስለኝም። ይህን ራስሽ ማረጋገጥ ትችያለሽ። ቀን ላይ መስኮት አጠገብ ተቀመጪና ዓይንሽን ጨፍነሽ ምልክቱን በጣትሽ ጫፍ ዳብሺው። ጣትሽ ጎድጓዳም ሆነ ያበጠ ነገር ሳያገኘው ለስለስ ብሎ ካለፈ፣ የቀረው ቀለም ብቻ ነው፤ ቀለም ደግሞ ጊዜ ቢወስድም ይለቃል። ጠባሳ የምንለው ብጉሩ የውስጠኛውን የቆዳ ክፍል ጎድቶ ጉድጓድ ወይም ጉብታ ጥሎ ሲያልፍ ነው፤ የእርሱ ሕክምና ሌላ ነው።

ቀለሙ የሚመጣው እንዲህ ነው። በላይኛው የቆዳ ክፍል መሠረት ላይ ሜላኖሳይት የሚባሉ ሕዋሳት አሉ፤ ሥራቸው ሜላኒን የተባለውን ቀለም አምርተው በዙሪያቸው ላሉት የቆዳ ሕዋሳት ማደል ነው። የእነዚህ ሕዋሳት ብዛት በጥቁርም ሆነ በነጭ ሰው ቆዳ ላይ ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ ያለው በሚያመርቱት ቀለም መጠንና ዓይነት ላይ ነው። ብጉር፣ ቁስል፣ ቃጠሎ ወይም የነፍሳት ንክሻ ቆዳውን ሲያስቆጣው ሕዋሳቱ ከልክ በላይ ያመርታሉ፤ ቁጣው ከበረደ በኋላም ትርፉ ቀለም በቦታው ይቀራል። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ሕዋሳቱ ቀድሞውንም ትጉሃን ስለሆኑ ጥቂት ቁጣ እንኳ ምልክት ለመተው ይበቃዋል። ስለዚህ ምልክቱ የንጽሕና ጉድለት አይደለም፤ ልትሸማቀቂበት የሚገባሽም ነገር አይደለም።

ትርፉ ቀለም በላይኛው የቆዳ ክፍል ብቻ ከተወሰነ መልኩ ቡናማ ይሆናል፤ አዲስ ብጉር ካልተጨመረበትም ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወራት ባለው ጊዜ ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። ወደ ውስጠኛው ክፍል ከሰረገ ግን አመድማ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መልክ ይይዛል፤ እርሱ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

«አዲስ ብጉር ካልተጨመረበት» ያልኩትን ልብ በይልኝ፤ ብዙ ሰው ድካሙ መና የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ብጉሩ እየወጣ ነጠብጣቡን ብቻ ማከም በሚያፈስ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። ለመጀመር ያህል ጠዋት ጠዋት 2.5 በመቶ ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ያለው ቅባት ይበቃሻል፤ ይህ መጠን ከ10 በመቶው ያልተናነሰ ውጤት የሚሰጥና ቆዳን እምብዛም የማያስቆጣ ነው። ፎጣና የትራስ ልብስ ላይ ከነካ ቀለማቸውን ስለሚያነጣ ተጠንቀቂ። ማታ ማታ ደግሞ አዳፓሊን የተባለውን ቅባት የአተር ፍሬ በምታህል መጠን ለፊትሽ በሙሉ አዳርሺው፤ የወጣው ብጉር ላይ ብቻ አትቀቢው፤ ምክንያቱም ዋና ሥራው ገና ያልወጣውን መከላከል ነው። ፊትሽን ታጥበሽ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቂ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት ቀን እየዘለልሽ ተጠቀሚበት፤ ቆዳሽ ሲለምደው በየማታው ታደርጊዋለሽ። አዳፓሊን ብጉሩን ከመከላከሉም በላይ የላይኛው ቆዳ ቶሎ ቶሎ እንዲታደስ ስለሚያደርግ ነጠብጣቡንም ያደበዝዘዋል። በርከት አድርጎ መቀባት ውጤቱን አያፋጥነውም፤ ቆዳሽን አስቆጥቶ አዲስ ጥቁረት ይጨምርልሻል እንጂ። ቆዳሽ እነዚህን የማይችል ከሆነ አዚላይክ አሲድ ከ15 እስከ 20 በመቶ ባለው መጠን ብጉሩንም ቀለሙንም በአንድነት የሚያክም መልካም ምትክ ነው።

ሎሚውን አትመለሺበት። አሲዱ ቆዳን ያቃጥላል፤ ከዚያም በላይ በሎሚ ውስጥ ያሉ ከብርሃን ጋር የሚቆጡ ንጥረ ነገሮች ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳውን ጠብሰው ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊተዉበት ይችላሉ። አንቺን ያባሰብሽም ይህ ሳይሆን አይቀርም። የጥርስ ሳሙና፣ ሻካራ ማሻሻና በጥፍር ማፍረጥም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ውጤቱን ለመመዘን መስታወት አይበቃም። አንዲት ታካሚዬ ከሁለት ወር ሕክምና በኋላ «ምንም ለውጥ የለም» ብላ ተስፋ ቆርጣ መጣች። በየወሩ መባቻ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በተመሳሳይ ሰዓት እንድታነሳው የነገርኳትን ፎቶ ከስልኳ አውጥተን ጎን ለጎን ስናየው፣ በግራ ጉንጯ ላይ 17 የነበሩት ነጠብጣቦች 9 ሆነዋል። በየቀኑ ራሷን ስለምታይ ለውጡ አልታያትም ነበር። አንቺም ዛሬ አንድ ፎቶ አንሺ፤ ሁለተኛውን ከወር በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አታንሺ። ከሦስት ወር በኋላ ብጉሩ ካልቀነሰ ግን የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሁለተኛውን ልጄን ስፀንስ በሁለቱም ጉንጮቼ፣ በግንባሬና ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ማዲያት ወጣብኝ። ከወለድኩ 14 ወር ቢያልፈኝም አልለቀቀኝም። ልጄ ጡት ጥሏል፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል እወስዳለሁ፤ የምሠራውም ትልልቅ ምድጃ ያለበት ኩሽና ውስጥ ነው። አንዳንዶች የጉበት ችግር ነው እያሉ ያስፈራሩኛል። አንዲት ባልደረባዬ ደግሞ በሚዋጥ መድኃኒት እንደለቀቃት ነግራኛለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጉበቱ ልጀምር፤ ማዲያት የጉበት በሽታ ምልክት ስላልሆነ ይህን ከሐሳብዎ ያውጡት። በጉንጭ፣ በግንባርና በከንፈር በላይ ግራና ቀኙን አመሳስሎ የሚወጣ ሰፋ ያለ ቡናማ ጥላ ብዙ ጊዜ በዓይን ታይቶ የሚለይ ነው። አራት ነገሮች ይገናኙበታል፤ እነርሱም የዘር ዝንባሌ፣ የሴት ሆርሞኖች፣ ብርሃንና ሙቀት ናቸው። በእርግዝና ጊዜ የሚወጣው በብዙ እናቶች ላይ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት እየደበዘዘ ይሄዳል። የእርስዎ ያልለቀቀው ሦስቱ ምክንያቶች ዛሬም አብረውዎት ስላሉ ይመስለኛል፤ እንክብሉ ሆርሞኑን፣ ምድጃው ሙቀቱን፣ የዕለት ተዕለት መንገድዎ ብርሃኑን ያቀርቡለታል።

እንክብሉን ግን ደብዳቤዬን አንብበው ዛሬውኑ እንዲያቋርጡት አልመክርም። ሆርሞን የሌለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ለምሳሌ ከመዳብ የተሠራው የማሕፀን ሉፕ፣ ይስማማዎት እንደሆነ ከሚከታተልዎ ባለሙያ ጋር ይነጋገሩ፤ ምትኩ ከተገኘ በኋላ ይቀይሩ።

ስለ ብርሃን ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ማዲያትን በተመለከተ ከሁሉም ክሬሞች የሚበልጠው የፀሐይ መከላከያ ቅባት ነው፤ ብዙ ሰው ግን «ጥቁር ቆዳ መከላከያ አያስፈልገውም» ብሎ ይተወዋል። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ቃጠሎ የተሻለ መከላከያ አለው፤ ከማዲያት ግን አያመልጥም። ኤስፒኤፍ (የፀሐይ መከላከያው ዕቃ ላይ የሚጻፈው የመከላከል አቅም ቁጥር) 15 የሆነ ቅባት የሚያቃጥለውን ጨረር 93 በመቶ፣ 30 የሆነው 97 በመቶ፣ 50 የሆነው ደግሞ 98 በመቶ ያህል ይከላከላል፤ ስለዚህ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይበቃል፤ ከቁጥሩ ይልቅ የሚቀቡት መጠን ነው የሚወስነው። ሌባ ጣትዎንና የመሐል ጣትዎን ዘርግተው ከሥር እስከ ጫፍ በቅባቱ መሥመር ያስምሩባቸው፤ ለፊትና ለአንገት የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው። አብዛኞቻችን የምንቀባው የዚህን ግማሽ እንኳ አይሆንም። ደጅ በሚውሉበት ጊዜ በየሁለት ሰዓቱ መድገም ያስፈልጋል። ደመናም ሆነ የመስኮት መስታወት አያድንም፤ ማዲያትን ከሚያባብሱት ጨረሮች አንዱ መስታወትን አልፎ ይገባል።

ከዚህ ሌላ ብዙ ሰው ያልሰማው ነገር አለ። ማዲያትን የሚያባብሰው ለዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ብቻ አይደለም፤ ለዓይን የሚታየው ተራ ብርሃንም በተለይ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቀለም ያስመርታል። ቀለም አልባው የፀሐይ መከላከያ ይህን ብርሃን አያግደውም። የሚያግደው አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ ቡናማ ቀለም ያለው መከላከያ ነው። እርስዎ ሲገዙ ከቆዳዎ ጋር የሚቀራረብ ቀለም ያለውን ይምረጡ። በሥራ ሰዓት ደግሞ ከምድጃው ፊት የሚቆሙበትን ጊዜ ከባልደረቦችዎ ጋር መፈራረቅ ቢችሉ፣ ፊትዎንም በየመሐሉ በቀዝቃዛ ውኃ ቢያበርዱ ጥሩ ነው፤ ላብዎን ሲጠርጉ ቅባቱም አብሮ ስለሚሄድ እንደገና ይቀቡት።

በሐኪም የሚታዘዘው የታወቀው ሕክምና ሦስት መድኃኒቶችን በአንድ ቅባት የያዘ ነው፤ 4 በመቶ ሃይድሮኪኖን (ቀለምን የሚያደበዝዝ)፣ 0.05 በመቶ ትሬቲኖይን (ቆዳን የሚያድስ) እና 0.01 በመቶ ፍሉኦሲኖሎን (ቁጣን የሚያበርድ ስቴሮይድ)። በቀን አንድ ጊዜ ማታ ይቀባል፤ ብዙውን ጊዜ ከ8 ሳምንት ሳያልፍ ተመርምሮ ይቆማል ወይም ይቀየራል። ትሬቲኖይኑና ሃይድሮኪኖኑ ለእርጉዝ ሴት ስለማይታዘዙ ሌላ ልጅ የሚያስቡ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩት፤ በዚያን ጊዜ አዚላይክ አሲድ የተሻለ ምርጫ ነው።

ባልደረባዎ የነገሩዎት የሚዋጥ መድኃኒት ትራኔክሳሚክ አሲድ ሳይሆን አይቀርም። በእርግጥም ለአንዳንድ ግትር ማዲያቶች በሐኪም ክትትል ይሰጣል። ነገር ግን ደም እንዲረጋ የሚያግዝ መድኃኒት ነው፤ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያም በበኩሉ የደም መርጋትን ዕድል ይጨምራል። ሁለቱን አብሮ መውሰድ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ባልደረባዎ በደግ ልብ ቢያካፍሉዎት እንኳ አንድ ፍሬ አይዋጡ። ሌዘርንም በተመለከተ አትቸኩሉ የምለው እርስዎን ብቻ አይደለም፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ሙቀቱ ራሱ ማዲያቱን ከበፊቱ አጥቁሮ ሊመልሰው ይችላል።

ማዲያት እንደ ብጉር ምልክት አንዴ ለቅቆ የሚቀር አይደለም፤ ከደበዘዘ በኋላም ፀሐይና ሆርሞን ሲያገኝ ይመለሳል። ስለዚህ ፊትዎ ሲጠራ ክሬሙን እንጂ የፀሐይ መከላከያውን አያቁሙ።

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ለነጠብጣብ ብዬ አንዲት የማውቃት ሴት ራሷ የምትቀምመውን ስም የሌለው ክሬም በትንሽ ዕቃ እየገዛሁ ለዓመት ያህል ተቀባሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፊቴ ጠርቶ ሁሉም ሰው አደነቀኝ። አሁን ግን ለሦስት ቀን ካቋረጥኩ ፊቴ ይቀላል፣ ያቃጥለኛል፣ ጥቃቅን ብጉር ይወርረኛል። አገጬ ላይ ፀጉር በቅሏል፤ ጉንጬ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፤ ጉንጬ አጥንት ላይ ደግሞ ከበፊቱ የጠቆረ ነገር ወጥቷል። ማቆም አቃተኝ።

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማቆም ያቃተዎት ደካማ ስለሆኑ አይደለም፤ ቆዳዎ ክሬሙን እንዲፈልግ ተደርጎ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፊትን የሚያጠራ፣ ሲያቋርጡት ደግሞ የሚያቀላና የሚያቃጥል ክሬም ብዙ ጊዜ ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለበት ነው። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የተባሉት መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰኑ የቆዳ ሕመሞች ለአጭር ጊዜ ይጠቅማሉ፤ ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡ ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፣ የደም ሥሩን ያሰፋሉ፣ ፀጉር ያበቅላሉ፣ ብጉር ያመጣሉ። የዘረዘሩት ምልክት ሁሉ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ጉንጭ አጥንትዎ ላይ ስላለው አዲስ ጥቁረት ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ አለኝ። በጥሩ ብርሃን ቀርበው ሲያዩት ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች የተረጩበት የሚመስል፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ከሆነ ኦክሮኖሲስ ሊሆን ይችላል። ይህ ጉዳት ሃይድሮኪኖንን በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከመቀባት የሚመጣ ነው፤ ሐኪሞች ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጹትም እ.ኤ.አ. በ1975 በደቡብ አፍሪካ ቆዳ የሚያነጡ ክሬሞችን ሲጠቀሙ በነበሩ ሰዎች ላይ ነው። ጭካኔው ያለው ሰውየው ጥቁረቱን ሲያይ ክሬሙ ያነሰው መስሎት አብዝቶ መቀባቱ ነው፤ በቀባው ቁጥር ይጠቁራል። ለማስለቀቅ እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ ቶሎ ማቆም ከሁሉ ይበልጣል።

ሦስተኛው ስጋት ሜርኩሪ ማለትም ባዜቃ ነው። ባዜቃ ሜላኒን የሚመረትበትን ኢንዛይም ስለሚያግድ ያነጣል፤ በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ ግን ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ከዚህም የከፋው ከተቀባው ሰው ፊት፣ እጅ፣ ፎጣና ትራስ ወደ ቤተሰብ መተላለፉ ነው፤ እናቱን የሚስም ሕፃን ሳይቀባ ሊመረዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ባዜቃ የተጨመረባቸውን እነዚህን ክሬሞች ማምረትና ከአገር አገር ማዘዋወር እንዲቀር አድርጓል፤ ስም በሌለው ዕቃ የሚሸጥ ቅባት ግን ስምምነቱንም ተቆጣጣሪውንም አያውቅም።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። የቀረውን ክሬም አይጣሉት፤ ክዳኑን ገጥመው በላስቲክ ጠቅልለው ልጆች በማይደርሱበት ያስቀምጡትና ይዘውት ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ። «ምን ነበር የምትቀባው?» ለሚለው ጥያቄ ከዚያ የተሻለ መልስ የለም። ዓመት ሙሉ ስለተቀቡ የባዜቃ መጠን በሽንት ምርመራ እንዲታይልዎ፣ የኩላሊት ምርመራም እንዲደረግልዎ ይጠይቁ። ክሬሙን ፊትዎ ላይ ብቻ ሳይሆን ሰውነትዎን በሙሉ ሲቀቡ ከነበረ ሐኪም ሳያዩ በአንድ ጊዜ አያቋርጡት፤ በብዛት ወደ ደም የገባ ስቴሮይድ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት እንዲያቆም ስለሚያደርግ ድንገተኛ ማቋረጥ አደገኛ ድካምና የደም ግፊት መውረድ ሊያመጣ ይችላል።

ፊት ላይ ብቻ ከሆነ ካቆሙ በኋላ ለሳምንታት፣ ለአንዳንዶችም ለወራት ቆዳው ይቆጣል። ብዙ ሴቶች ወደ ዕቃው የሚመለሱት በእነዚህ ሳምንታት ነው። ሐኪሙ እንደ ታክሮሊመስ ያለ ስቴሮይድ ያልሆነ ቅባትና የሚዋጥ መድኃኒት በመስጠት ያሻግርዎታል። እርስዎ በበኩልዎ ፊትዎን ሽታ በሌለው ለስላሳ ማጠቢያ ከመታጠብ፣ ቫዝሊን ወይም ሽታ አልባ ማለስለሻ ከመቀባትና ከፀሐይ ከመጠበቅ በቀር ምንም አይጨምሩበት። ስለ ነጠብጣቡ የምንነጋገረው ቆዳዎ ከበረደ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ 41 ዓመቴ ነው። የአንገቴ ኋላና ብብቴ ጠቁሮና ወፍሮ ከፋይ ጨርቅ መስሏል። ባለቤቴ በደንብ አልታጠብክም ትለኛለች፤ በሻካራ ነገር ብፈትገውም ለውጥ የለም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መፈተጉን ያቁሙ፤ ለባለቤትዎም ይህን መልስ ያስነብቡልኝ። የገለጹት አካንቶሲስ ኒግሪካንስ የሚባለውን ሁኔታ ይመስላል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ሰውነት የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ በአግባቡ መታዘዝ ሲያቅተው ነው፤ ቆሽት ኢንሱሊኑን አብዝቶ ያመርታል፤ የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ የቆዳ ሕዋሳትን ያባዛል። ይህ ወደ ስኳር በሽታ የሚያደርስ መንገድ ስለሆነ በባዶ ሆድ የሚደረግ የስኳር ምርመራ ወይም የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን ምርመራ ያድርጉ፤ የደም ግፊትዎንም ይለኩ። ክብደትዎ ከፍ ያለ ከሆነ ሲቀንሱ የአንገትዎም ጥቁረት አብሮ ይቀንሳል፤ ክሬም ያን ያህል አያግዝም። ጥቁረቱ የመጣው በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት ከሆነ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ ወይም አፍዎና መዳፍዎም ከተለወጠ ግን ፈጥነው ሐኪም ያማክሩ፤ አልፎ አልፎ የውስጥ ዕጢ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ከንፈሬ ላይና እጄ ጀርባ ላይ ሳንቲም የሚያህል ክብ ጥቁር ነገር አለ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ያቃጥለኝና ይቀላል፤ ከዚያም ይበልጥ ጠቁሮ ይቀራል። ምንድን ነው?

መልስ፦ በአንድ ቦታ ተመላልሶ የሚቀላና የሚጠቁር ክብ ምልክት ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ክሬም ሳይሆን ስለ ኪኒን ነው። ለአንድ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በወሰደ ቁጥር በሰዓታት ውስጥ የበፊቱ ቦታ ይቆጣል። በብዛት የሚያመጡት ኮትሪሞክሳዞልን የመሰሉ የሰልፋ መድኃኒቶች፣ ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊን እንዲሁም እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። መጨረሻ ጊዜ የተቆጣበትን ቀን ያስታውሱና በዚያው ቀን ወይም በዋዜማው ለራስ ምታት፣ ለሆድ ወይም ለጉንፋን ምን እንደዋጡ ጻፉ፤ ከዚያ በፊት የነበረውንም እንዲሁ። በሁለቱም ላይ የሚገኘው መድኃኒት ተጠርጣሪ ነው። ለመፈተን ብለው ግን ደግመው አይዋጡት፤ በተደጋገመ ቁጥር ቦታው ይበዛል፣ አንዳንዴም ውኃ ቋጥሮ ይሰፋል። ስሙን በካርድዎ ላይ አስመዝግቡ፤ መድኃኒቱ ከቀረ ጥቁረቱ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል።

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ስለ አባቴ ነው። 63 ዓመታቸው ነው። ተረከዛቸው ሥር ጥቁር ነጠብጣብ ከወጣ ዓመት ሆኖታል፤ በቅርቡ ሰፍቶ ዳሩ ወጣ ገባ ሆኗል። «ጫማ ነው፣ አያመኝም» እያሉ ሐኪም ቤት አልሄድ አሉኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ አባትሽ አያመኝም ማለታቸው አያረጋጋኝም። በዚህ ደብዳቤ የገለጽሽው ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር እንዳልሆነ ሳይረጋገጥ ሊቆይ የማይገባ ነው። ሜላኖማ በጥቁር ሰዎች ላይ ብዙም አይገኝም፤ ሲገኝ ግን በአብዛኛው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ ማለትም በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ይወጣል። ሁለቱ ግማሾቹ የማይመሳሰሉ፣ ዳሩ ወጣ ገባ የሆነ፣ ቀለሙ የተዥጎረጎረ፣ ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር የበለጠ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እየተለወጠ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ በሙሉ መታየት አለበት። ቦብ ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ1977 በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የተገኘበት ይኸው ሕመም ነበር፤ በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። ይህን የምነግርሽ አባትሽን ለማስፈራራት አይደለም፤ በጊዜው ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ተነቅሎ የሚድን በመሆኑ ነው።

ዛሬ ማታ እግራቸውን አጥበሽላቸው ነጠብጣቡን ከማስመሪያ አጠገብ አድርገሽ ፎቶ አንሺው። እንዳይቆርጡት፣ እንዳያቃጥሉት፣ ምንም ነገር እንዳይቀቡበት ለምኛቸው። የቆዳ ሐኪሙ በማጉያ መሣሪያ ያየዋል፤ ከተጠራጠረም አደንዝዞ ትንሽ ናሙና ይወስዳል፤ ጉዳዩ የደቂቃዎች ነው። እምቢ ካሉሽ «ጫማው ይሁን አይሁን እናረጋግጥ» ብለሽ ያዢያቸው። ቀጠሮ የሚሰጠው ክፍል ወረፋው ረጅም ነው ካለሽም «ተረከዝ ላይ ነው፣ ዓመት ሆኖታል፣ እየሰፋ ነው» ብለሽ በእነዚሁ ቃላት ንገሪያቸው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ነጠብጣብ ወረፋ ይቀደማል።